ባሕሩ ምን ይላል ይላሉ አባትህ

አልተኛሁም። እንዴት ልተኛ፣ ጸሐይዋ ራሷ ሳትተኛ! መጋረጃውን ዘጋሁ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብሱን ደረብኩ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ካፖርቴን ሰቀልኩ፣ ይኸው አሁንም በጎን ሾልካ ገብታ ግድግዳው ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። እዚህ ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ በሰኔ ጸሐይ አትጠልቅም፤ ሰማዩን ስትዞር ትውላለች፣ ስትዞር ታድራለች፣ ማደር ከተባለ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ መግሪብ መቼ እንደሚሰገድ ግራ ገብቶኝ አባቴን በስልክ አስጠየቅኳቸው። ሼኽ ይማም ናቸው አባቴ፣ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም አጠገብ ቁርአን ያስቀራሉ። «እኛ ስንሰግድ ስገድ» አሉኝ፣ አለቀ። ስለዚህ ሰዓቴ የሚሄደው በመካነ ሰላም ነው። ክንዴ ላይ ቦረና፣ መስኮቴ ላይ ሌላ አገር፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ደግሞ ገብስ ብቻ። ገብስ! አንድ ጎታ እንኳን የማይሞላ፣ ለዘር የተቀመጠ ገብስ። ወይ ይዘሩታል፣ ወይ ይበሉታል። የሚወስነው ማነው ቢባል እኔ ነኝ። አጃኢብ እኮ ነው! ስለ ዝናብ ቅንጣት የማላውቀው እኔ ጀማሉዲን ልወስን! ዛሬ ደግሞ ስልኩ ይመጣል፣ በቀጠሮ አስይዣለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥቁር ስልክ ይጮኻል፣ በካልሲ እሮጣለሁ፣ አነሣዋለሁ፣ ከዚያስ? ዝሩት ልል ነው? ብሉት ልል ነው? እስካሁን አላወቅኩም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ገበያ ቀን ነው። አባቴ ለገበያ ከተማ ስለሚወጡ የምንነጋገረው በገበያ ቀን ነው፣ መነጋገር ከተባለ፤ ምክንያቱም ከደሴ መካነ ሰላም ያለው መስመር ደካማ ነው፣ የኔ ድምፅ ደሴ ደርሶ እዚያው ይቀራል፣ የእሳቸውም እንደዚሁ። ሁለታችንንም የምትሰማው የደሴዋ ኦፕሬተር ብቻ ናት፣ እትዬ አልታየች። መልኳን አላውቀውም፣ ድምፅዋን ግን ከእናቴ ድምፅ ይልቅ አሁን እሱን ነው የማስታውሰው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። «ጀማል፣ አባትህ ሰላም ነህ ወይ ይላሉ።» ሰላም ነኝ በያቸው። «ሰላም ነው አባባ!» ብላ ትጮኻለች፣ ጆሮዬን ታደነቁረዋለች። ያን ዕለት ግን ሰላምታው አጭር ሆነ። በልጉ ባዶ ሄደ፣ አምና ክረምቱም እንደነገሩ ነበር፣ ከብቱ አልቋል። እህቴ አስያ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ ከልጆቿ ጋር አባታችን ቤት ናት፣ ትንሹ ልጇ ሺፋ እግሩ አብጧል። እብጠት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው አይጠይቅም። «እህትህ ለልጆቹ እንፍጨው ትላለች፣ አባትህ ደግሞ ዘር ከተበላ ወዲያ ምን ተስፋ አለን ነው የሚሉት፣ ሊስማሙ አልቻሉም፣ አንተ ዳኘን ብለውሃል» አለችኝ እትዬ አልታየች። ቀጥላም የጨው ዋጋ እንደምትጠይቅ ሁሉ ረጋ ብላ፦ «ባሕሩ ምን ይላል ይላሉ አባትህ።»

እኔ ምን አልኩ? «እትዬ አልታየች፣ እኔ እኮ…» አልኩ። ወላሂ ሌላ አልጨመርኩም። እኔ እኮ ብዬ ሳልጨርስ አባቴ እጃቸውን ዘርግተዋል። «ቆይ ቆይ፣ ዱዓ ያዙ» አለችኝ። ስልክ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ፀሐፊው ሳይቀር፣ እጁን ዘርግቷል አሉ። እሷም ቃል በቃል ታስተላልፍልኝ ጀመር፦ ሰማዩን ይክፈተው፣ አፈር የገባውን ዘር አውድማ ያድርሰው፣ የራቀውን ልጅ ያቅርበው። በመጨረሻው ላይ እሷም ራሷ፣ የደሴ ክርስቲያን፣ አሜን አለች። እኔም አሚን አልኩ። ምን ላድርግ! ዱዓ ሲደረግ አሚን ሳይል የሚቀመጥ የወሎ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም። «አሚን ብሏል አባባ!» ብላ አስተጋባችው፣ እና አለቀ ደቀቀ። እኛ ጋ ነገር የሚቋጨው በወዳጃ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጦ፣ ጉዳዩ ተነሥቶ፣ ዳኛ የተባለው ሰው በዱዓው ላይ አሚን ካለ ፈረደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን መልሶ ሊያነሣው የሚችል ያው ዳኛው ብቻ ነው። አስያ ብታለቅስ፣ ጎረቤት ቢያማልድ፣ የሚሰማ የለም። አባቴ ይዘራ ተብሏል ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ። መስመሩ ሊቆረጥ ሲል እትዬ አልታየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከማንም ሳይሆን ከራሷ፣ «እህትህ አሁን ስልኩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች፣ ይሰማኛል። ያን አሚን ባትል ይሻል ነበር ወንድሜ» አለችኝ። ከዚያ ጭው አለ። ዘሩ የሚወጣው ከዛሬው ገበያ ማግስት ነው፣ እስከዚያ ጎታው አይከፈትም። ስለዚህ ዛሬ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ ብጮኽም ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለ ጉድ ውስጥ የከተተኝ የገዛ ምላሴ ነው። ወደዚህ ልመጣ ስል፣ ለምጽዋ ዓሣ ሥራ ተማር ተብዬ ስኮላርሺፕ ባገኘሁ ጊዜ፣ አገር ቤት ልሰናበት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ባሕር ምን ይጠናል፣ ውኃ አይደል እንዴ ብለው ሲያሾፉብኝ ብልጭ አለብኝና አፌን ከፈትኩ፦ ይቺ ቦረና ላይ የምትዘንበው ዝናብ ከየት የመጣች መሰላችሁ፣ ከባሕር ተነሥታ ነው፣ ባሕሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ይለወጣል፣ ነፋሱ ሲለወጥ ደመናው መንገድ ይቀይራል። ማሾፋቸውን ተዉ። አባቴ ጢማቸውን ይዘው ነፋስ ደመናን እንደሚነዳ ቁርአኑም ይናገራል አሉ፣ በልጃቸው እንዴት እንደኮሩ! እኔም ኮራሁ። ያን ጊዜ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፣ አንድ ቀን እንኳን! አሁን ደረሶቻቸውን ሲያስተምሩ ልጄ የዝናቡን መነሻ ይጠብቃል ይላሉ አሉ። እጠብቃለሁ እንዴ? የምሠራውን ቢያዩ። መርከቧ ትቆማለች፣ የብረት ጠርሙሶቹን በረጅም ሽቦ ላይ እናስራለን፣ አፋቸው ክፍት ሆኖ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከዚያ አንዲት የነሐስ ቁራጭ በሽቦው ላይ እንለቃለን፣ ተንሸራታ ሄዳ ጠርሙሱን ትመታዋለች፣ እሱም ይገለበጥና ይዘጋል። ቴርሞሜትሩም አብሮ ይገለበጣል፣ ሲገለበጥ ሜርኩሪው ይቆረጥና የዚያን ጥልቀት ሙቀት እንደያዘ ይወጣል። እኔ በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ፣ እጄ በድን ሆኖ። ለምን? ለኮድ ዓሣ። ኮድ የት እንደሚሄድ ለማወቅ። እና ይህ ባሕር፣ አባቴ ምን ይላል የሚሉት ባሕር፣ የነሱን ዝናብ የሚያውቀው ባሕር እንኳን አይደለም! በረዶ ያለበት ነው፣ ከዚህ ተነሥቶ መካነ ሰላም የሚዘንብ ነገር የለም። ይህን ለአባቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳ፣ በእትዬ አልታየች አፍ? ባሕር ባሕር ነው ይሉኛል። ተሳሳቱ ለማለትም አልደፍርም፣ ውኃው የተያያዘ ነው።

አለቃዬን ጠየቅኩት። ሃልቮር ይባላል፣ ሽማግሌ ነው፣ ሲናገር ፒፓውን ከአፉ አያወጣም። ክረምቱ እንዴት ይሆናል እኛ አገር አልኩት፣ እንደ ዘበት፣ ቡና ሲጠጣ። ሳቀ መሰለኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሲስቁና ሲያዝኑ አልለይም። የዓለም ካርታ አውጥቶ ዘረጋ፣ ባሕር ላይ የተለካበት ቦታ ሁሉ በነጥብ ተመልክቷል። አትላንቲክ ጥቁር ነው፣ በነጥብ ተጨናንቋል። የህንድ ውቅያኖስን ፈለግኩ፣ ከሶማሌ ጠረፍ በስተምሥራቅ፣ የኛ ደመና ሊመጣበት ይችላል ብዬ የማስበውን። ባዶ ነው። አልፎ አልፎ መርከብ ባለፈበት መስመር ትንሽ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ባዶ። «እዚህ ጋ ማንም አልለካም» አለኝ። መቼ ይታወቃል ታዲያ? «ሠላሳ ዓመት ለክተን እንጠያየቅ» አለኝ፣ ከልቡ ነው፣ ሊያሾፍብኝ አይደለም። ሠላሳ ዓመት! ሺፋ ሠላሳ ዓመት ይጠብቅ? ባለፈው ጉዞ መብራቱ ደክሞ፣ ዓይኔ አልቅሶ ያላነበብኩትን ቁጥር በግምት ሞላሁ፣ አወቀብኝ፣ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ተቆጣ፣ ሲቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያላየኸውን አትጻፍ፣ ባዶ ተወው፣ ባዶ ቦታ ማንንም አይጎዳም አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱ ባደገበት አገር ማንንም አይጎዳም። እኔ ጋ ባዶ ቦታ ማለት አላውቅም ማለት ነው፣ አላውቅም ካልኩ አሚኔ እንደቆመ ይቀራል፣ አሚኔ ከቆመ ነገ ጎታው ተከፍቶ ገብሱ አፈር ላይ ይበተናል።

ደሞ ቢዘንብስ? እሺ፣ እንበልና ብሉት አልኩ። በሉት። ልጆቹ ጥቂት ሳምንት ቆዩ። ሰኔ ወጣ፣ ሐምሌ ገባ፣ ሰማዩ ተዘረገፈ፣ የጎረቤት እርሻ በቀለ፣ የኛው ባዶውን አረንቋ ሆኖ ተኛ። አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የሰው ገብስ ሲያዩ ይታየኛል። ያኔ ምን ይሉኛል? ምንም አይሉኝም፣ እሱ ነው የሚገድለኝ። እሺ ዝሩት አልኩ። ዘሩት። አንድ ጊዜ ጠብ ብሎ በቀለ፣ ከዚያ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ነጭ ፀሐይ። ሺፋ… አልለውም። እርዳታ ይመጣል እላለሁ ደግሞ። ከየት? የሚመጣው እህል ደሴ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ነው የሚራገፈው፤ ቦረና ገደል ማዶ ናት፣ ማን ደረሰላት! አምና እዚህ ጋዜጣ ላይ የወሎ ሰዎች ፎቶ ወጣ፣ በመንገድ ዳር የተኮለኮሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ ሳይ ዋልኩ፣ ዘመድ ፍለጋ። አንዷ ሴት አስያን መሰለችኝ፣ አይደለችም፣ ናት፣ አይደለችም። ያን ዕለት ምሳ ዓሣ በድንች ነበር፣ በላሁት። ሁሉንም በላሁት፣ ሰሃኑን ጠረግኩት፣ እንዲህም አድርጎ ሰው ይርበዋል? አሁን ደግሞ ጋዜጣው ሌላ ሆኗል፣ ወታደሮቹ ባለሥልጣኖቹን እያሰሩ ነው፣ ረሀቡን የደበቁትን ልንጠይቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ ጉዳይ እትዬ አልታየችን ብጠይቃት «ይህ በስልክ አይወራም» አለችኝ፣ ፈጠን ብላ። አባቴ ደግሞ በሷው በኩል «አገሩን አሁን የያዘው ማነው» ብለው ጠየቁኝ፣ እኔን፣ ኖርዌይ ያለሁትን! እሳቸው እዚያው ተቀምጠው። አላውቅም አባቴ፣ የዝናቡን አላውቅም፣ የመንግሥቱን አላውቅም፣ ቀኑና ሌሊቱ ተምታቶብኛል፣ ተኛሁ እንዳልል ነቅቻለሁ፣ ነቃሁ እንዳልል…

ጮኸ። ስልኩ ነው። እሮጣለሁ፣ ኮሪደሩ በፀሐይ ተጥለቅልቋል፣ አንዱ ተማሪ በሩን ከፍቶ ያየኛል፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ እሱም ስላልተኛ። የኦስሎዋ ሴት በቋንቋዋ ትናገራለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጭው፣ ከዚያ ሰው የሚጮኽበት ሩቅ ቦታ፣ ከዚያ እሷ።

«ጀማል! አለህ?»

«አለሁ እትዬ አልታየች። አለሁ።»

«አባትህ ስልክ ቤቱ ደርሰዋል። እህትህም አብራቸው ናት። ምነው፣ ገና ባለፈው ገበያ ደውለህ ዛሬም ደወልክ፣ ደንግጠዋል፣ ሰላም ነህ ወይ ይላሉ።»

«ሰላም ነኝ። ልጁ እንዴት ነው በያት አስያን።»

ስትጠይቅ ይሰማኛል፣ መልሱ ግን አይሰማኝም።

«አልሐምዱሊላህ ትላለች» አለችኝ። «ፊቱ ላይ ወጥቷል ትላለች እብጠቱ።»

ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። የተንገላታሁበት ሁሉ፣ ካርታው፣ ሠላሳ ዓመቱ፣ የት እንደገባ አላውቅም፤ የሚታየኝ አንድ የሚያብጥ ፊት ነበር፣ ያላየሁት፣ የተወለደው እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው።

«እትዬ አልታየች፣ አባቴን እንዲህ በዪልኝ፦ አሚኑን አንሥቻለሁ። ዳኛው ፍርዱን አንሥቷል። ገብሱን ብሉት። ዛሬውኑ ይፈጭ።»

«ምን?»

«ብሉት በዪልኝ፣ በአላህ!»

ጮኸችላቸው። መስመሩ ላይ አንድ ጫጫታ አለ፣ ድብድብ የሚል፣ የማያቋርጥ፣ ለመስማት ያስቸግራል። የሽቦው ነው ብዬ ነበር።

«አባትህ» አለችኝ፣ «እንዲህ ያለው ባሕሩ ነው ወይስ አንተ ነህ ይላሉ። አንተ ከሆንክ፣ ለልጆቹ አዝነህ ከሆነ፣ አይሆንም እዘራለሁ፣ እኔም አዝናለሁ ይላሉ። ባሕሩ ከሆነ ግን እሺ ነው።»

«ይህ የሚጮኸው ምንድነው እትዬ አልታየች? አንቺ ጋ ነው?»



«ዝናብ ነው» አለችኝ። «ቆርቆሮው ላይ። ከጠዋት ጀምሮ እየጣለ ነው ደሴ።»

ያ አላህ! ደሴ ዘነበ ማለት ቦረና ዘነበ ማለት አይደለም፣ ይህንን አውቃለሁ፣ በመሐሉ ስንት ተራራ፣ ስንት ገደል፣ የአንድ ቀን ዝናብ ደግሞ ክረምት አይባልም፣ በደረቅ ዓመትም ሰኔ ላይ ያስገመግማል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ደግሞም አላውቅም፣ የመጀመሪያው ይሁን የመጨረሻው ማን ያውቃል፣ ዛሬ ደሴ ነገ ቦረና ይሆናል፣ የነገው ዘር ይጠጣዋል፣ በመስከረም እሸት ይሆናል፣ በመስከረም ሺፋ… ቆርቆሮው ይደበደባል። ቀና ብዬ አየሁ፣ ያ ልጅ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

«ዘንቧል እንዴ እዚያ፣ አባቴ ጋ?»

«ጠየቅኳቸው። ጠብ አላለም አሉ። ደሴ እየዘነበ ነው ግን አላልኳቸውም» አለች። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፦ «ምን ልበላቸው ጀማል? መስመሩ ይቆረጣል።»

«ባሕሩ ነው በያቸው።»

«ባሕሩ ነው?»

«አዎ። ባሕሩ ዘንድሮ አልሞቀም፣ ደመና አይነሣም፣ ልጅዎ ለክቶ አይቶታል በያቸው። በዓይኑ አይቶታል በያቸው።»

ስትናገረው ሰማኋት። ከኔ የተሻለ ተናገረችው፣ ረጋ ብላ፣ ምንም ሳትሰናከል፣ ደሴ ላይ ዝናቡ አናቷ ላይ እየደበደበ። «አይቶታል አባባ፣ በመሣሪያ ነው የሚያየው፣ አይዘንብም ብሏል» አለች። ግድግዳውን ያዝኩ። መስመሩ ላይ ያ ቆርቆሮ ብቻ ይደበደባል።

«እሺ ብለዋል» አለችኝ። «እህትህ ወጥታ ሮጠች። ወፍጮ ቤት ሳይዘጋ ልትደርስ ነው መሰለኝ።»

«አባቴስ?»

«አሉ። ቆመዋል።» አዳመጠች። «አንድ ነገር ይጠይቁሃል። ባሕሩ ይህን ያህል ከጨከነ፣ አንተ አጠገቡ ነህና፣ እዚያስ እህል አለ ወይ፣ በልተሃል ወይ ይላሉ።»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ፣ ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደዚያ ሆኜ ስቆይ እሷ ሰማችኝ፣ ትንፋሼን ይሆናል የሰማችው። ከዚያ እኔን ሳትጠይቅ፣ ለእሳቸው ጮክ ብላ፣

«በልቷል አባባ» አለቻቸው፣ «ጠግቧል።»